እጇ ድኗል፣ አጥንቷስ?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ወደ እኔ ከሚላኩ እናቶች ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ታሪክ ተመሳሳይ ነው። አንደኛዋ ታጥቦ ያልደረቀ ሲሚንቶ አዳልጧቸው ነው። ሌላዋ ረዳቱ «ቶሎ ቶሎ» ሲላቸው ከታክሲ ሲወርዱ እግራቸው ታጥፎ ነው። ሌላዋ ደግሞ መብራት ጠፍቶ በሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ የበሩ ደፍ አደናቅፏቸው ነው። ሁሉም ሲወድቁ እጃቸውን አስቀደሙ፣ አንጓቸው ላይ ተሰበሩ። ራጅ ተነሱ፣ ጀሶ ታሰረላቸው፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተፈታ። ጣታቸው አብጦ፣ አንጓቸው አልታጠፍ ብሎ እኔ ጋ ይመጣሉ። እጁን እናሠራዋለን፤ ቀስ በቀስ ሊጥ ማቡካት፣ ሽንኩርት መክተፍ ይጀምራሉ፤ መርቀውኝ ይሄዳሉ።

ጀሶውን ያሰረው ባለሙያ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ግን እነዚህን እናቶች «ከቆሙበት ወድቀው አጥንትዎ ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀዎት ሰው አለ?» ስላቸው የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኧረ ማንም አልጠየቀኝ፣ ልጄ። ዕድሜ ነው እንጂ።»

ዕድሜ ብቻ አይደለም። ጤነኛ የአዋቂ ሰው አጥንት ከቆመበት ስለወደቀ ብቻ እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም። 50 ዓመት ያለፈው ሰው፣ በተለይም ያረጠች ሴት፣ እንዲህ ባለ ቀላል አወዳደቅ አንጓዋ፣ ዳሌዋ፣ ከትከሻ ሥር ያለው የክንድ አጥንቷ ወይም አከርካሪዋ ከተሰበረ፣ አጥንቷ ሳስቶ ሊሆን ይችላል ብሎ መመርመር ግዴታ ነው። ምክንያቱም አንድ ጊዜ እንዲህ የተሰበረ ሰው ዳግመኛ የመሰበር ዕድሉ ካልተሰበረው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ አደጋው ደግሞ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። እኛ ግን በእነዚህ ሁለት ዓመታት የምናደርገው ነገር ቢኖር «እግዜር ይመስገን፣ እጇ ዳነ» ብሎ መርሳት ነው።

ዓለም አቀፉ የኦስቲዮፖሮሲስ (የአጥንት መሳሳት) ፋውንዴሽን እንደሚለው ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ 3 ሴቶች አንዷ፣ ከ5 ወንዶች ደግሞ አንዱ በቀሪ ዕድሜያቸው በአጥንት መሳሳት የተነሳ ስብራት ይደርስባቸዋል። ወንዶች ራሳችሁን አታውጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። አሮጌውን አጥንት የሚበሉ ሴሎች አሉ፣ በቦታው አዲስ የሚሠሩ ሌሎች ሴሎች አሉ። በየዓመቱ ከአጥንታችን አሥር በመቶ ያህሉ እንዲህ ይታደሳል። እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሠራው ከሚበላው ይበልጣል፤ የአጥንት ቋታችን የሚሞላውም ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ እያለ ወደ ማነስ ያዘነብላል። ሴት ስታርጥ የሚበሉትን ሴሎች ልጓም ይዞ የነበረው ኤስትሮጅን ይወርዳል። ከማረጥ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ አጥንት የምታጣ ሴት አለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም አያማትም።

አያምም የምለውን ደግሜ ልበለው። «ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፣ ካልሲየም ግዙልኝ» የሚሉ እናቶች አሉ። ጉልበት የሚቆረጥመው ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያ ችግር ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። የሳሳ አጥንት እስኪሰበር ድረስ ድምፁን አያሰማም። ስለዚህ ምልክቱን ፈልጎ ማግኘት የቤተሰብና የሐኪም ሥራ ነው።

የእናቴን ጉዳይ ያገኘሁት በቀሚሷ ነው። እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ለበዓል የምትለብሰው ዓመታት ያስቆጠረ የሐበሻ ቀሚስ አላት። አንድ ጥምቀት ላይ ስትራመድ ጥለቱ መሬት ሲጠርግ አየሁት። «እማዬ፣ ቀሚስሽ ረዘመ እንዴ?» አልኳት። «ታጥቦ ታጥቦ ተለጥጦ ነው» አለችኝ። የጥጥ ቀሚስ ሲታጠብ ያጥር ይሆናል እንጂ እንዲህ አይረዝምም። ጫማዋን አስወልቄ፣ ተረከዟንና ጀርባዋን ከግድግዳ አስደግፌ፣ ራሷ ላይ ደብተር ጠፍጣፋ አድርጌ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ሥራ ስትቀጠር ያደረገችውን የጤና ምርመራ ወረቀት ፈለግን፤ እሷ ወረቀት የማትጥል ሰው ናት። በሁለቱ ቁመቶች መካከል ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ነበር። ሰው ከወጣትነት ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ካጠረ የአከርካሪ አጥንቱ በራጅ መታየት አለበት። ታየ። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቿ ከፊት በኩል ተጨፍልቀው ነበር።

መቼ እንደሆነ አታውቅም። ወድቃም አታውቅም። ብቻ አንድ ጊዜ በውኃ የተሞላ ባልዲ ስታነሳ ወገቧን ቀጨም አድርጓት እንደነበር፣ «ብርድ ነው» ብላ ቅባት ተቀብታ እንደተኛች ትዝ አላት። ከአከርካሪ ስብራት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ማንም ሳያውቀው ያልፋል። «ብርድ መታኝ»፣ «አጉል ዞሬ ነው»፣ «ጎብጣለች፣ አርጅታለች» ከሚባለው ውስጥ ስንቱ የአከርካሪ ስብራት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። በእኛ አገር የጎበጠ ጀርባ ሁሉ የአጥንት መሳሳት አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰርም አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ሲተኙም የማይለቅ ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ካለ በፍጥነት መታየት ይገባል።

የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ በሚባል መሣሪያ ነው። ጋደም ትላላችሁ፤ ወገብንና ዳሌን በጣም አነስተኛ በሆነ ጨረር ያነሳል፤ አያምም። ውጤቱ ቲ-ስኮር ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መለኪያ መሠረት ከነጌቲቭ 1 በላይ ደህና ነው፤ በነጌቲቭ 1 እና በነጌቲቭ 2.5 መካከል አጥንቱ ቀንሷል ይባላል፤ ነጌቲቭ 2.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ነው። መሣሪያው በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ሰውማ ጭራሽ ሩቅ ነው። ሰው ግን ይህን ሰምቶ ተስፋ እንዲቆርጥ አልፈልግም፤ ቀላል በሆነ አወዳደቅ ዳሌዋ ወይም አከርካሪዋ የተሰበረ ሴት ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ ዴክሳ ባትነሳም ሕመሙ እንዳለባት ይቆጠራል፤ ሕክምናም ሊጀመርላት ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ የካልሲየም፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድና የመሳሰሉትን የደም ምርመራዎች ያዝዛል፤ ቢቻል ቫይታሚን ዲም ይታያል።

ስለ ዳሌ ስብራት ለብቻው መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም የምንፈራው እሱን ነው። ከሽሮ ሜዳ አካባቢ የመጡ አንድ እናት ነበሩ። ቀድሞ አንጓቸው ተሰብሮ ሌላ ቦታ ታክመው ድነዋል። በኋላ ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማ አዳለጣቸውና በጎናቸው ወደቁ። መነሳት አቃታቸው። ቤተሰቡ ወለምታ መስሎት ወጌሻ አመጣ፤ ለቀናት በቅቤ ታሹ። ወደ ሕክምና ሲመጡ የወደቁበት እግር ከሌላው አጥሯል፣ የእግራቸው ጣትም ወደ ውጭ ዞሯል።

ወጌሻን መናቄ አይደለም። የወለቀ ትከሻ የሚመልሱ እጀ ብልህ ወጌሾች አሉ፤ እኛም ልጅ ሆነን በእነሱ እጅ ታሽተናል። ዳሌ ግን በእሽት አይገጥምም። የጭን አጥንት አንገት ከተሰበረ ደም ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄድበት መንገድ አብሮ ሊቆረጥ ይችላል፤ ማሸቱ የተሰበረውን ይበልጥ ያንቀሳቅሰዋል። ሰውየው በተኛ ቁጥር ደግሞ ደም መርጋት፣ የሳንባ ምችና የአልጋ ቁስል ይከተላሉ። ቀዶ ሕክምናው የሚመከረው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። በተለያዩ አገሮች እንደታየው ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ቢያንስ ከአምስቱ አንዱ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ስለዚህ የወደቀ አረጋዊ መቆም ካቃተው፣ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ሳይታሽና ሳይጎተት እንደተኛ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ደግሞ እስሩ ወዲያው መፈታት አለበት፤ በዚህ ምክንያት እጅና እግር የሚቆረጥባቸው ሕፃናት ጭምር አሉ።

እኚያ እናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ እኔ ጋ መጡ፤ በዎከር ከዚያም በከዘራ መራመድ ቻሉ። አንጓቸው ሲሰበር መድኃኒት ተጀምሮላቸው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መድኃኒት አለና። ብዙ ሰው የአጥንት መሳሳት መድኃኒቱ ካልሲየም ይመስለዋል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣውን ትልቅ የካልሲየም ጠርሙስ የማታውቁት የላችሁም። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋሉ፤ አጥንቱ ከሳሳና ከተሰበረ በኋላ ግን ብቻቸውን በቂ አይደሉም። የመበላቱን ፍጥነት የሚገታ መድኃኒት ያስፈልጋል። በብዛት የሚታዘዘው አሌንድሮኔት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ የ70 ሚሊ ግራም ክኒን። ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ነው፤ ግን አወሳሰዱን ካላወቁበት ከንቱ ይሆናል።

እናቴ የምትወስደው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። እሑድን ቅዳሴ ስላለ፣ ረቡዕንና ዓርብን ጾም ስለሆነ አልፈለገችም፤ ለዐቢይ ጾምና ለሌሎቹ አጽዋማት ማክሰኞ ደግሞ የንስሐ አባቷን አማክራ መድኃኒት ነውና ውሰጂ ብለዋታል። ጠዋት እንደተነሳች፣ ምንም ሳትቀምስ፣ ክኒኑን ሳታኝክ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ትውጣለች። ውኃ ብቻ። ሻይ፣ ወተት፣ ጭማቂ አይሆንም፤ ቡና ደግሞ ከመድኃኒቱ ወደ ሰውነት የሚገባውን ከግማሽ በላይ ይቀንሰዋል። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አትተኛም፣ ወደ ፊትም አታጎነብስም፤ ክኒኑ የጉሮሮ ቧንቧ ላይ ከቆየ ያቆስላል። እሷ በዚህ ጊዜ በረንዳው ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ወይም ተቀምጣ ዳዊቷን ትደግማለች። መጀመሪያ ሰሞን እህቴ ጠዋት ቡና ስታፈላ ሽታው እየፈተናት ተቸግራ ነበር፤ አሁን ማክሰኞ ቡናው የሚቆላው እሷ «ጨርሻለሁ» ስትል ነው። የካልሲየም ክኒኗን ከዚህ ጋር አትቀላቅልም፤ እሱን ከምሳ ጋር ትወስዳለች።

«ጨጓራ አለብኝ» የምትሉ ብዙ ናችሁና፣ ይህን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት። የመዋጥ ችግር ያለበት፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ የማይችል፣ ወይም ኩላሊቱ ክፉኛ የደከመ ሰው አሌንድሮኔት አይሰጠውም። ሌሎች አማራጮች አሉ። ዞሌድሮኒክ አሲድ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ነው፤ እሱም ደህና ኩላሊት ይፈልጋል። ዴኖሱማብ በየ6 ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች ለእናታችሁ ዴኖሱማብ ለማስጀመር ስታስቡ አንድ ነገር እወቁ፦ በዘገየ ወይም በተቋረጠ ጊዜ የተገታው መበላት ተመልሶ ይፈጥንና የአከርካሪ አጥንቶች ተከታትለው ሊሰበሩ ይችላሉ። የሚቀጥለው መርፌ በጊዜው መገኘቱ ካልተረጋገጠ ባይጀመር ይሻላል።

ስለ መንጋጋ አጥንት መሞትና ስለ ጭን አጥንት ያልተለመደ ስብራት ያነበቡ ሰዎች መድኃኒቱን ይፈራሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚደርሱ ናቸው። የሚነቀል ጥርስ ካለ ከመጀመር በፊት መጨረስ፣ ጭን ወይም ብሽሽት ላይ አዲስ ሕመም ከመጣ መናገር፣ አሌንድሮኔትን አምስት ዓመት ገደማ ከወሰዱ በኋላ ይቀጥል ወይስ ይረፍ የሚለውን ከሐኪሙ ጋር መወሰን ነው። ፈርቶ መተው ግን የዳሌን ስብራት መምረጥ ነው።

ወደ ምግቡ ልግባ፤ እዚህ ላይ እጃችን ላይ ያለውን ሀብት አለማወቃችን ያሳዝነኛል። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በታች ላለች አዋቂ 1000 ይበቃታል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ያህል ይሰጣል። ወተት ሆድ የሚነፋው ሰው እርጎ ይስማማዋል። ጤፍ ከመቶ ግራም ዱቄት 180 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ከስንዴ አምስት እጥፍ ገደማ። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ካልሲየሙን ይዞ የሚያስቀረው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ የቦካ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል። ጎመን ካልሲየሙን በቀላሉ ለሰውነት ይለቃል። ቆስጣ ግን ካልሲየም ቢኖረውም ኦክሳሌት አጥብቆ ስለሚይዘው ከእሱ የምናገኘው ትንሽ ነው፤ «ቆስጣ እየበላሁ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ።

አይብ የሚሠራ ቤት አንድ ነገር ላሳስብ። አሬራው ሞቆ አይቡ ሲለይ ካልሲየሙ አብዛኛው አይቡ ውስጥ አይቀርም፤ ከአጓቱ ጋር ይወርዳል። አጓቱን ለጥጃ ከመስጠት ወይም ከመድፋት ይልቅ መጠጣት፣ ካልሆነም ሊጥ ማቅጠኛ ማድረግ ነው።

ጾም ላይ ነው ችግሩ የሚጠብቀው። ሁሉንም አጽዋማት የሚጾም ሰው የዓመቱን ከግማሽ በላይ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ነው የሚያሳልፈው፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። እናቴ ከመጾም ወደኋላ አትልም፤ እኔም እንድትተው አልጠይቃትም። ያደረግነው ሰሊጥን ማስገባት ነው። ሰሊጥ ልጣጩ ካልወለቀ ካልሲየሙ እጅግ ብዙ ነው፤ ሲወለቅ አብዛኛው ይሄዳል። ስለዚህ ሳይፈተግ ታጥቦ፣ ለስለስ ባለ እሳት ታምሶ፣ በደንብ ተወቅጦ ፍትፍት ይሠራላታል፤ ሙሉውን ፍሬ ብትውጠው ሳይፈጭ ሊያልፍ ይችላል። ተልባም እንዲሁ። ጎመን በየቀኑ ማለት ይቻላል አለ። ፕሮቲኑንም እንዳትረሱ፤ አጥንት ካልሲየም ብቻ አይደለም፣ ጡንቻ የሌላት አሮጊትም ትወድቃለች። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በጾም፣ እንቁላል በፍስክ።

የተሰበረ ሰው ቤት ድስት ሙሉ የአጥንት መረቅ ይዞ የማይሄድ የለም። ደግ ነገር ነው፣ ያሞቃል፣ ሰው ያበረታል። ካልሲየሙ ግን ትንሽ ነው፤ በመረቅ አጥንት ይጠገናል ብላችሁ እርጎውን አትተኩት።

ጠጣር አጥንት ሁሉ ብርቱ እንዳይመስላችሁ ደግሞ የስምጥ ሸለቆን ነገር ላንሳ። ወንጂና መተሐራ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ለዓመታት የጠጡ ሰዎች አጥንታቸው በራጅ ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ይታያል፤ ሰዎቹ ግን ጀርባቸው የተገተረ፣ አጥንታቸውም ሊሰበር የሚችል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው ዴክሳ ሲነሳ ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ አጥንቱ ደካማ ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ። ሕፃን ጠዋት ፀሐይ እናሞቃለን፣ አሮጊቷን ግን ጋቢ አልብሰን ጓዳ እናስቀምጣለን። ክንድና እግር ተገልጦ መሞቅ ለእሷም ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ በክረምት ከፀሐይ ምንም አትጠብቁ፣ ክኒን ያስፈልጋችኋል። ዓረብ አገር በሰው ቤት ተዘግታ የምትሠራ እህታችንም ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ ሳታይ ነው የምትኖረው። እስከ 70 ዓመት በቀን 600 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ከዚያ በላይ 800 ዩኒት ነው የሚመከረው፤ እጥረት ከተገኘ መጠኑን ሐኪም ይጨምራል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ጠፈርተኞች ክብደት በሌለበት ሲቆዩ በየወሩ ከዳሌ አጥንታቸው ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጣሉ፤ ወጣትና ጤነኛ ሆነው ነው ይህ የሚደርስባቸው። አጥንት የሚጸናው ሲጫኑት ነው። እኛ ደግሞ እናታችንን ስንወድ «ቁጭ በይ፣ አንቺ ምንም አትንኪ፣ እኛ አለን» እንላለን። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዓመቱን ሙሉ ከሶፋ ወደ አልጋ የምትሄድ እናት ጭኗ ይሟሽሻል፣ ሚዛኗ ይጠፋል፣ አጥንቷም ይከተላል። ሥራ ስጧት።

መጀመሪያ የማስጀምራቸው ከወንበር መነሳትን ነው። ወንበሩ ግድግዳ የተደገፈ ይሁን፤ በርጩማ አይሁን፣ ዝቅ ይላል። እግር ወደ ኋላ ሰብሰብ፣ ሁለት እጅ ደረት ላይ፣ ጀርባ ቀጥ እንዳለ ከዳሌ ወደ ፊት ዘንበል፣ ከዚያ መነሳት። ሲቀመጡ ዘጭ አይባልም፤ ቀስ ተብሎ ነው፣ ጡንቻው የሚሠራው ያኔ ነው። መጀመሪያ ሦስት አራት ጊዜ የሚያቅታቸው እናቶች ሲለምዱት አሥር ያደርሱታል። ቀጥሎ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ ከዚያ በአንድ እግር መቆም። ሲበረቱ የ5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልተን በሁለት እጅ አስይዘን እናስነሳቸዋለን። ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ የሚኖር ጤነኛ ሰው ደረጃውን አያማርር፤ ጥሩ የአጥንት ሥራ ነው። እግር ጉዞ ለልብም ለሚዛንም ደግ ነው፣ ለአጥንት ግን ብቻውን አይበቃም።

አከርካሪዋ የተሰበረባት ሴት ግን ጀርባዋን አጉብጣ እንዳታጎነብስ አደራ እላለሁ። አጭሩ የእጅ መጥረጊያ ጠላቷ ነው። ለእናቴ መጀመሪያ የለወጥኩላት እሱን ነው፤ ረጅም እጀታ ያለው ገዛሁላት። ልብስ በሳፋ የምታጥብ ከሆነ ሳፋው ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ምጣድ ስታነሳ ከጉልበቷ ታጥፋ፣ ወደ ሰውነቷ አስጠግታ። ስግደቱንም እንዲሁ፤ እናቴ ቆማ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ለታመመና ለደከመ ይህ የተፈቀደ ነው።

የመውደቂያውን ነገር ቤታችሁን ዞራችሁ እዩት። ቄጠማው አረጋውያን በሚያልፉበት በኩል አይጎዝጎዝ። ያለቀ ነጠላ ጫማ ይጣል፣ ተረከዝ የሚይዝ ይገዛ። የሚሸራተት ምንጣፍ ይነሳ። መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ መያዣ ይግባ። ትራስ ሥር ባትሪ ይቀመጥ፤ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ሌሊት ብቻዋን አትውጣ ወይም ፖፖ ይቀመጥላት። ዓይኗን ሞራ ከሸፈነው ይገፈፍላት። የግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒት የሚያዞራት ከሆነ ሐኪሙ ይይላት።

ወጣቶችን በአጭሩ። ለአስም፣ ለቆዳ ወይም ለመገጣጠሚያ ፕሬድኒሶሎን ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው በማንኛውም ዕድሜ አጥንቱ ይሳሳል፤ በድንገት አያቁም፣ ግን ስለ አጥንቱ ይጠይቅ። በየሦስት ወሩ የሚወጋው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ እየተወሰደ ሳለ የአጥንትን ጥግግት ይቀንሳል፤ ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል፤ ለዓመታት የቆየባችሁ ካላችሁ ሌላ ዘዴ ስለመቀየር ከባለሙያ ጋር ተነጋገሩ። ቴኖፎቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱም መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ ስለ አጥንታችሁ አንሱ። የጨጓራ መድኃኒቱን ኦሜፕራዞልን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለዓመታት የምትወስዱም እንዲሁ። ሲጋራና መጠጥ አጥንት ይበላሉ።

እንግዲህ ቤታችሁ ጀሶ የታሰረላት እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ካለች፣ ጀሶው በሚፈታበት ቀጠሮ አብራችኋት ሂዱ። ዕድሜዋንና ያረጠችበትን ዓመት፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ከዚህ በፊት የተሰበረችውን፣ የእናቷ ወይም የአባቷ ዳሌ ተሰብሮ እንደሆነ፣ ቁመቷ ስንት እንደነበረና አሁን ስንት እንደሆነ በወረቀት ይዛችሁ ግቡ። «ስብራቱ ድኗል፤ የአጥንት መሳሳት ይኖርባት ይሆን? ሕክምና ያስፈልጋታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዴክሳ የለንም ከተባላችሁ የአከርካሪ ራጅ እንዲነሳላት ጠይቁ። እሱም ካልሆነ «ከቁመቷ ልክ በመውደቅ የደረሰ ስብራት» የሚል ቃል ካርዷ ላይ እንዲጻፍላት አድርጉ፤ ቀጥሎ የሚያያት ሐኪም ያንን ካነበበ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።